ስታቢላይዘር፦ ለቆየ የወገብ ሕመም የሚታዘዘው የግፊት መለኪያ ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም?

ስታቢላይዘር ሲያዩት የደም ግፊት መለኪያ ይመስላል። አየር የሚሞላ ከረጢት፣ ቀጭን የጎማ ቱቦ፣ በእጅ የሚጨመቅ መንፊያ፣ አየር ማስተንፈሻ ቫልቭ እና ከ0 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የተከፋፈለ ጌጅ አለው። ልዩነቱ ከረጢቱ ላይ ነው። የዚህኛው ከረጢት ሦስት ክፍል ያለው፣ የማይለጠጥና ወገብ ወይም ሆድ ሥር የሚነጠፍ ነው። የተኛው ሰው ገላ ትንሽ ሲንቀሳቀስ በከረጢቱ ውስጥ ያለው አየር ይጨመቃል ወይም ይላላል፤ የጌጁ ጠቋሚም ያንን ያሳያል። ከዚህ ሌላ ሥራ የለውም፤ አያሽም፣ አያሞቅም፣ አይነዝርም። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል፤ ብዙ ሰው «የወገብ መሣሪያ» ሲባል ሕመሙን ነቅሎ የሚያወጣ ነገር ይጠብቃልና።

ገበያ ላይ የሚገኘው ቻታኑጋ በሚባለው የአሜሪካ የንግድ ምልክት ነው፤ ሐሳቡ ግን ከአውስትራሊያ፣ ከኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በዚያው የሚሠሩት ፖል ሆጅስና ካሮሊን ሪቻርድሰን አንድ ነገር አሳዩ። ጤነኛ ሰው ክንዱን በፍጥነት ሲያነሣ፣ ክንዱ ገና ሳይንቀሳቀስ ከሆድ ጡንቻዎች ሁሉ ውስጠኛው ቀድሞ ይጠብቃል፤ ወገባቸውን በሚያማቸው ሰዎች ላይ ግን ይህ ጡንቻ ዘግይቶ ይነሣል። ትራንስቨርሰስ አብዶሚኒስ ይባላል። አቀማመጡን ለመረዳት መቀነትን ማሰብ ይበቃል፦ ከጀርባ ተነሥቶ በጎን ዞሮ ሆድን ይታጠቃል። መቀነት ትንፋሽ እስኪያጥር እንደማይጠብቅ ሁሉ ይህም ጡንቻ ሥራውን የሚሠራው በለስላሳ ኃይል ነው። ሁለተኛው ጡንቻ ማልቲፊደስ ይባላል፤ ከአከርካሪ አጥንቶች ግራና ቀኝ ተጣብቆ አንዱን አጥንት ከሌላው ጋር የሚያያዝ ነው። በዚያው ዓመት በጁሊ ሃይድስና ባልደረቦቿ የታተመው ጥናት ደግሞ፣ ሕመሙ ከለቀቀ በኋላም የማልቲፊደስ መጠን በራሱ እንደማይመለስ አሳየ። የወገብ ማረጋጊያ እንቅስቃሴ የሚባለው ሕክምና የተነሣው ከእነዚህ ሁለት ግኝቶች ነው፤ ስታቢላይዘርም ያንን ሕክምና ለማስተማር የተሠራ ዕቃ ነው።

ከዚያ በኋላ የተሰበሰበው ማስረጃ ከመጀመሪያው ተስፋ ዝቅ ያለ መሆኑን ሳይናገሩ ዕቃውን ማወደስ ተገቢ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የኮክሬን ግምገማ (ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የሚመዝን ነው) የማረጋጊያ እንቅስቃሴ ምንም ወይም በጣም ትንሽ ሕክምና ከማግኘት እንደሚሻል አረጋግጧል። ከሌሎች የአካል እንቅስቃሴ ዓይነቶች ጋር ሲነጻጸር ግን የሚያመጣው ልዩነት በታካሚው ኑሮ ላይ የሚታይ አይደለም። በቀላሉ ስናስቀምጠው፣ ወገቡን ለወራት ያመመው ሰው በዚህ መንገድ ቢሠራም፣ በትጋት በእግር ቢሄድም፣ የጉልበት ልምምድ ቢሠራም ሊሻለው ይችላል። ማረጋጊያው የሚመረጠው እንቅስቃሴ ለፈራ፣ ጎንበስ ባለ ቁጥር ወገቡ «የሚከዳው» ለሚመስለው፣ ወይም በሌላ ስፖርት ሕመሙ ለሚነሣበት ሰው ነው። ከዝቅተኛ ጫና ስለሚጀምር ለእንዲህ ያለው ሰው በሩን ይከፍትለታል።

ከመግዛትም ከመጀመርም በፊት አንድ ማጣሪያ አለ። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ያቃተው፣ መቀመጫውና ብልቱ አካባቢ የደነዘዘ፣ እግሩ እየሰነፈ የሚሄድ፣ ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ የታመመ ሰው ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይሂድ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ተኝቶም የማያርፍ የሌሊት ሕመም ያለበትም እንዲሁ። በእኛ አገር የአከርካሪ ቲቢ አለ፤ ጥሬ ወተት በሚጠጣበት አካባቢ ደግሞ ብሩሴሎሲስ አለ። ሁለቱም «ተራ የወገብ ሕመም» እየተባሉ ወራት ያልፋሉ። እነዚህን ምንም ዓይነት እንቅስቃሴ አያድናቸውም፤ በዚህ ሁኔታ መታሸት ወይም ወጌሻ ዘንድ መሄድም ጉዳቱን ሊያባብሰው ይችላል።

አሁን ወደ አጠቃቀሙ። ከሁሉ በፊት የሚተኛበት ቦታ ይስተካከል። ስፖንጅ ፍራሽ ላይ የሚወሰድ ንባብ ዋጋ የለውም፤ ፍራሹ ራሱ ስለሚሰምጥ ጠቋሚው የፍራሹን እንቅስቃሴ ያሳያል። ወለል ላይ ምንጣፍና አንድ የታጠፈ ብርድ ልብስ ይበቃል። ቀበቶ ይፈታ፣ ወፍራም ሹራብ ይውለቅ፣ ሽንት ይሸና። ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆዩ።

የመጀመሪያው ፈተና በሆድ ተኝቶ ነው፤ የዕቃው ትልቁ ጥቅምም እዚህ ላይ ነው። በሆድዎ ይተኙ፣ እጆችዎን በጎንዎ ያድርጉ። ከረጢቱን ሆድዎ ሥር ያስገቡ። እምብርትዎ መሐሉ ላይ ይዋል፤ የታችኛው ጠርዙ ደግሞ ቀበቶ በሚያርፍባቸው፣ ግራና ቀኝ ጎልተው በሚዳሰሱት የዳሌ አጥንቶች መሥመር ላይ ይሁን። ቫልቩን ወደ ቀኝ አዙረው ይዝጉና እስከ 70 ይንፉ። ሁለት ሦስት ጊዜ በተለመደው አኳኋን ይተንፍሱ፤ ጠቋሚው ከትንፋሽ ጋር ወደ ሁለት ያህል ከፍና ዝቅ ይላል፤ ይህ ጤነኛ ነው። መሐሉ ከ70 ከራቀ አየር ጨምረው ወይም ቀንሰው ይመልሱት።

ከዚያ ትንፋሽዎን ያውጡና፣ የሚቀጥለውን ሳያስገቡ በፊት ከእምብርት በታች ያለውን ሆድ ከከረጢቱ ላይ ቀስ ብለው ወደ ጀርባ ይሳቡ። ቀዝቃዛ ውሃ ሆድን ሲነካ ቆዳው እንደሚሸሸው ዓይነት ነው፤ ይህ ግን በዝግታ ነው። ዳሌ አይነቃነቅ፣ መቀመጫ አይጨመቅ፣ ደረት አይነሣ። ከዚያ እንደያዙት መተንፈስዎን ይቀጥሉ። በትክክል ከተሠራ ጠቋሚው ከ6 እስከ 10 ይወርዳል፤ ማለትም ከ60 እስከ 64 ባለው ላይ ይቆማል። ግቡ እዚያው ላይ 10 ሰከንድ መያዝና ይህን 10 ጊዜ መድገም ነው።

አብዛኛው ሕመምተኛ በመጀመሪያው ቀን ይህን አይችልም፤ ሊያሳፍረው አይገባም። ጠቋሚው አንድ ወይም ሁለት ብቻ ይወርድና ይመለሳል፣ ወይም ይባስ ብሎ ይወጣል። ጠቋሚው ከወጣ ሰውየው ሆዱን እየገፋ ነው፤ ትንፋሹን አፍኖ እንደሚያምጥ ሰው። ከ10 በላይ በፍጥነት ከወረደ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጡንቻው ስለበረታ ሳይሆን ዳሌው ስለታጠፈ ወይም ጀርባው ስለተነሣ ነው። ይህን ለማወቅ ሌላ ሰው እጁን ቀስ አድርጎ የወገብዎ ጉድጓድ ላይ ያሳርፍ፤ አጥንቱ ከተንቀሳቀሰ ያ ንባብ አይቆጠርም። ጠቋሚው በትክክል ወርዶ በአራተኛው ሰከንድ ማፈግፈግ ወይም መንቀጥቀጥ ከጀመረ ጡንቻው ደክሟል፤ የዚያ ቀን መጠንዎ 3 ሰከንድ ነው ማለት ነው። በ3 ሰከንድ 5 ጊዜ ይሥሩ፣ ጠዋትና ማታ፤ ሳይዋዥቅ ሲቆም አንድ አንድ ሰከንድ ይጨምሩ።

አንድ የምንጠላው ልማድ አለ፤ ቁጥሩን ለማምጣት ሲባል በሙሉ ኃይል መሳብ። በሙሉ ኃይል ሲሳብ የላይኛው የሆድ ጡንቻ ይነሣል፣ የጎድን አጥንት ይሰበሰባል፣ ትንፋሽ ይቆማል። ጠቋሚው ግን ያንኑ የ8 መውረድ ሊያሳይ ይችላል። የመሣሪያው ዋና ጉድለት ይኸው ነው። የትኛው ጡንቻ እንደሠራ አይናገርም፤ ሆዱ ከከረጢቱ ላይ መነሣቱን ብቻ ነው የሚናገረው። ስለዚህ ጣትም አብሮ ይሥራ። ጎልቶ ከሚዳሰሰው የዳሌ አጥንት ጫፍ ወደ እምብርት በኩል ሁለት ጣት ገባ ብለው በጣት ጫፍ ጫን ይበሉ። ትክክለኛው ጡንቻ ሲጠብቅ ከጣትዎ ሥር ቀስ እያለ የሚወጠር ስስ ነገር ይሰማዎታል። ጣትዎን ገፍቶ የሚያወጣ ጉብታ ከተሰማዎት ውጫዊዎቹ ጡንቻዎች ቀድመዋል። ይህን ዘዴ በጀርባ ተኝቶ መለማመድ ይቀላል። ሆዳቸው ትልቅ በሆነ ሰዎች ላይ ደግሞ የ70 ፈተና እምነት የሚጣልበት አይደለም፤ ለእነርሱ በጀርባ ወይም በአራት እግር የሚሠራው፣ ለነፍሰ ጡሮች ደግሞ (ነፍሰ ጡር በሆዷ አትተኛም) በአራት እግር የሚሠራው ይመረጣል።

ሁለተኛው አጠቃቀም በጀርባ ተኝቶ ነው። ጉልበትዎን አጥፈው፣ እግርዎን ወለሉ ላይ አሳርፈው ይንጋለሉ። ከረጢቱን ወገብዎ ሥር ያድርጉ፤ የታችኛው ጠርዙ ከመቀመጫ በላይ ሁለቱ ጉድጓዶች በሚታዩበት መሥመር ላይ ይሁን። እስከ 40 ይንፉ። እዚህ ጨዋታው ይገለበጣል፤ በሆድ ሲተኙ ጠቋሚው እንዲወርድ ይፈለግ ነበር፣ እዚህ ግን እንዳይነቃነቅ ነው የሚፈለገው። ከ40 ከወጣ ወገብዎን ወለሉ ላይ እየጫኑት ነው፤ ከወረደ ወገብዎ እየተቆለመመ ከከረጢቱ ላይ እየተነሣ ነው።

መጀመሪያ ሆድን ብቻ ሳብ አድርገው ጠቋሚውን 40 ላይ ያቆዩት። ያ ሲቀል እግር ይጨመራል፣ በዚህ ቅደም ተከተል፦ አንዱን ተረከዝ ወለሉን እያስነኩ ወደፊት ማንሸራተትና መመለስ፤ ቀጥሎ የታጠፈውን ጉልበት ወደ ጎን ቀስ ብሎ መክፈትና መመለስ፤ ቀጥሎ አንዱን እግር እንደታጠፈ ከወለሉ ማንሣት፤ በመጨረሻ ሁለቱም እግሮች ተነሥተው ሳለ ተራ በተራ አንዱን ማውረድ። በእያንዳንዱ ጠቋሚው ከ35 እስከ 45 ባለው ውስጥ ከቆየ እሰየው። ከወጣ ወይም ከወረደ ወደ ቀደመው ደረጃ ይመለሱ። በእያንዳንዱ እግር 10 ጊዜ ሳይዋዥቅ ሁለት ተከታታይ ቀን ሲሠራ ብቻ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ የመጨረሻው ደረጃ «ስፖርት ስለሚመስል» በሦስተኛው ቀን ወደ እርሱ ይዘለላል፣ ወገቡ ይቆለመማል፣ በማግሥቱ ሕመሙ ይነሣል፣ ከዚያም «ይህ ነገር ባሰኝ» ተብሎ ይተዋል። እንቅስቃሴው ትክክል ነበር፤ ያልደረሰው ሰዓቱ ነው።

መሣሪያው ለአንገትም ያገለግላል፤ ማጅራት ሥር ተደርጎ ከ20 ተነሥቶ ሁለት ሁለት እየጨመረ እስከ 30 ይሄዳል። ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሆድን ወደ ውስጥ በመሳብ ላይ ሁሉም ባለሙያ አይስማማም። በካናዳ ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ የአከርካሪን መካኒክስ ለረጅም ዓመታት ያጠኑት ስቱዋርት ማክጊል፣ አንዱን ጡንቻ ነጥሎ ከመሳብ ይልቅ ወገቡን ዙሪያውን በመጠኑ ማጠንከር ይሻላል ይላሉ፤ አንድ ሰው ሆድዎን በጣት ሊወጋ ሲል ሆድዎ በራሱ እንደሚጠነክረው። በእኛ ግምት ሁለቱ አይጣሉም። መሳቡ በመኝታ፣ በቀላል ጫና ወቅት ጡንቻውን ለማንቃትና ለመለየት ይጠቅማል። ከባድ ሲነሣ ግን መሳብ አይበቃም፤ ማጠንከር ያስፈልጋል። ሃያ ሊትር ጀሪካን ሲያነሡ ሆድን መምጠጥ ስሕተት ነው።

ስለዚህ ከ2 እስከ 4 ሳምንት በኋላ መሣሪያው ወደ ጎን ይባልና የማክጊል ሦስቱ እንቅስቃሴዎች ይተኩት። አንደኛው፦ በጀርባ ተኝቶ፣ አንድ ጉልበት ታጥፎ፣ መዳፎች ወገብ ሥር ገብተው፣ ራስና ትከሻ ከወለሉ ትንሽ ብቻ ይነሣሉ። አገጭ ደረት ላይ አይወድቅም፤ ወገቡም መዳፎቹን አይጫን። ሁለተኛው የጎን ፕላንክ ነው፦ በክርንና በጉልበት ተደግፎ ዳሌን ማንሣት፣ ሲበረታ በክርንና በእግር። ሦስተኛው፦ በእጅና በጉልበት ቆሞ ተቃራኒ እጅና እግርን መዘርጋት። ወገብዎ ላይ በስኒ ሙሉ ቡና እንዳለ ያስቡ፤ እንዳይደፋ። እያንዳንዱ ከ10 ሰከንድ በላይ አይያዝም፤ ጥንካሬ የሚጨመረው በሰከንድ ሳይሆን በድግግሞሽ ነው። በመጀመሪያው ዙር 6 ጊዜ፣ በሁለተኛው 4፣ በሦስተኛው 2። ድካም ሲመጣ ድግግሞሹም ስለሚቀንስ አቋም አይበላሽም። ከእንቅልፍ በተነሡ በመጀመሪያው ሰዓት ግን ወገብን ከሚያጎነብስ ነገር ይቆጠቡ። ሌሊት በአከርካሪ አጥንቶች መሐል ያሉት ዲስኮች ውሃ መጠው ስለሚወፍሩ ጠዋት ላይ መጎንበስ ይበልጥ ይጨንቃቸዋል። ለዚህም ነው ብዙ ሰው ወገቡ «የያዘው» ጫማ ሲያጠልቅ ወይም ፊቱን ሲታጠብ ነው የሚለው።

እዚህ ላይ የሚቀረው ሥራ የሕክምናው ግማሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ይረሳል። ወለል ላይ ጠቋሚውን 40 ላይ ያቆመ ሰው ተነሥቶ ጀሪካኑን ወገቡን አጎብጦ ካነሣ የሠራው ሁሉ ምንጣፉ ላይ ቀርቷል። በ5 ሊትር ይጀምሩ። ጀሪካኑን በእግሮችዎ መሐል ያድርጉ፣ ዳሌዎን ወደ ኋላ ገፍተው ጉልበትዎን ያጥፉ፣ ሆድዎን ያጠንክሩ፣ ትንፋሽ እያወጡ ይነሡ። ምጣድ ዝቅ ባለበት ቤት እንጀራ የምትጋግር ሴት ለረጅም ሰዓት ጎንበስ ትላለች፤ ለእርሷ ከሁሉ እንቅስቃሴ በፊት የሚያስፈልጋት ምጣዱን ከፍ ማድረግ ወይም ተቀምጦ የሚጋገርበት በርጩማ ነው። ስግደትና ሶላትም እንዲሁ ይታሰብባቸው። መጀመሪያ አንድ ጉልበት፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ እጅ፤ ሲነሡም በተቃራኒው። በሰሙነ ሕማማት ብዙ የሚሰግድ ሕመምተኛ ከንስሐ አባቱ ጋር ቢነጋገር ቁጥሩ ሊቀነስለት ወይም በሌላ ሊተካለት ይችላል።

ታዲያ ይገዛ ወይ? ለፊዚዮቴራፒ ክፍል አዎ፣ ያለ ማመንታት፤ አንድ ከረጢት ብዙ ታካሚ ያስተምራል፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ መብራት ሲጠፋም ይሠራል፣ በእርጥብ ጨርቅና በለስላሳ ሳሙና ይጸዳል። በቤቱ ለሚሠራ ሰው ግን የምንመክረው በተቃራኒው ነው። ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ዕቃ ነው። በዚያ ገንዘብ ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢሄዱ፣ የባለሙያ እጅ ጠቋሚው የማያሳየውን ያገኝልዎታል።

ቁጥር እያዩ መሥራት የሚረዳዎት ከሆነ በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጠው በእጅ የሚነፋው የደም ግፊት መለኪያ ይተካዋል። በባትሪ የሚሠራው አይሆንም፤ ራሱ ነፍቶ ራሱ ያስተነፍሳልና። የክንድ ጨርቁን ጠፍጣፋ አድርገው በራሱ ላይ ይጠቅልሉና በማጣበቂያው ይዝጉት፤ አየሩ ወደ አንድ ጎን እንዳያብጥ። በሆድ 70፣ በጀርባ 40፤ አሠራሩ ያው ነው። ከረጢቱ ስለሚያንስ ቁጥሩ ከስታቢላይዘር ጋር አይመሳሰልም። ስለዚህ የራስዎን ዛሬ ከራስዎ ትናንት ጋር ብቻ ያወዳድሩ፤ ጨርቁንም ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ያድርጉ።

ያገለገለ ስታቢላይዘር ከገጠመዎት ደግሞ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ከረጢቱን አጥፈው በእጅዎ ይያዙ፣ ቫልቩን ይዝጉ፣ እስከ 100 ይንፉና አንድ ደቂቃ ይጠብቁ። ጠቋሚው እየወረደ ከሆነ መጀመሪያ ቫልቩን አጥብቀው ይድገሙት፤ አሁንም ከወረደ ከረጢቱ ወይም ቱቦው ቀዳዳ አለው። አየሩን ሙሉ በሙሉ አስተንፍሰው ደግሞ ጠቋሚው 0 ላይ መቆሙን ይዩ። 0 ላይ የማይመለስ ጌጅ ያለው ዕቃ በነፃም ቢሰጥዎ አይውሰዱት።